ጳጉሜን 5 ማታ ትዘጋለች፤ እግዜር ይስጥልኝ

የጎንደር ልጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

የድሮ ፎቶዎቻችንን የሰበሰብኩባት ዌብሳይት ጳጉሜን 5 ማታ ትዘጋለች። በ2002 ዓ.ም. ፒያሳ ኢንተርኔት ካፌ ቁጭ ብዬ፣ በደቂቃ እየከፈልኩ የጀመርኳት ናት። ይኸው 15 ዓመት ሆናት። አሁን ዓይኔም ደክሟል፣ ዶላሩም አልቀመስ ብሏል። ሰዉም ፎቶውን ቴሌግራም ላይ ነው የሚለዋወጠው። ትንሽ ከፍቶኛል፣ አልዋሽም። የመጣሁት ግን ለማመስገን ነው።

የአክስቴ ልጅ፣ አንተ ትቅደም። የሰርቨሩ ኪራይ በዶላር ነው፣ የእኔ የባንክ ካርድ ደግሞ ከአገር አይወጣም። አንድም ዓመት ሳትዘነጋ ከሰው አገር ከፈልክልኝ። «እንዴት ልመልስልህ?» ስልህ «ሽሮ ላክልኝ» ትላለህ። ሽሮው ደርሶሃል መቼም።

ያ የዩኒቨርሲቲ ተማሪስ! ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም የዓለም ኮምፒውተሮች በጋራ በሚጠቀሙበት የፊደላት መለያ ቁጥር ውስጥ፣ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው። እኔ ከ10 ዓመት በኋላም በድሮው ፎንት ነበር የምጽፈው። ሌላ ሰው ሲከፍተው አማርኛው የላቲን ፊደል ትርምስ ሆኖ ይወጣል። ልጁ ክረምቱን ሙሉ አንድ በአንድ እየለቀመ አስተካከለልኝ። ገንዘብ ስሰጠው ተቆጣኝ።

ነሐሴ 2015 የሞባይል ዳታ ሲጠፋብን ደግሞ አዲስ አበባ ያለችው እህቴ በስልክ እየነገርኳት ጻፈች። ኑሪልኝ።

ከሁሉም በላይ ግን ያረማችሁኝን ነው የማመሰግነው። አንድ ፎቶ ነበረ። ነጠላ የለበሱ አራት ሴቶች ፋሲል መዋኛ ጠርዝ ላይ ቆመዋል። ጀርባው ላይ በሐምራዊ ቀለም «ለማስታወሻ» ተብሏል፣ ሌላ ምንም የለም። እኔ ሆዬ «የጥምቀት ዕለት» ብዬ ለጠፍኩት። በማግስቱ አንድ አባት ደወሉ።

«አንተ ልጅ፣ ዓይን የለህም? ገንዳው እኮ ደረቅ ነው! ከቀሐ ወንዝ ውሃ የሚገባለት ለጥምቀት ነው። እነዚህ የሠርግ ሚዜዎች ናቸው። ዳር ያለችው እህቴ ናት።»

ቅዳሜ ቤቴ ድረስ መጡ። ፎቶውን መነጽራቸው ሥር አስጠግተው ብዙ ቆዩ። ከዚያ የአራቱንም ስም ከነአባታቸው አስጻፉኝ። የእህታቸው ፎቶ ቤታቸው አንድም አልነበረም ለካ። አሳጥቤ ሰጠኋቸው፣ መርቀውኝ ሄዱ። ዛሬ በሕይወት የሉም፣ ነፍሳቸውን ይማር።

ዋናውን ፎቶ ለየባለቤቱ መልሻለሁ። ቅጂውን የምትፈልጉ ባዶ ፍላሽ ይዛችሁ ኑ፣ እገለብጥላችኋለሁ። ቫይረስ ያለበትን ግን አታምጡብኝ፣ ከዚህ በፊት አይቻለሁ።

አንድ ፎቶ ብቻ ባለቤት አላገኘሁለትም። ጃንተከል ዋርካ ሥር የቆመ ትንሽ ልጅ ነው። የለበሰው ኮት የአባቱ ሳይሆን አይቀርም፣ እጅጌው ጣቶቹን ውጦታል። መሳቢያዬ ውስጥ አለ። የምታውቁት ካላችሁ ብቅ በሉ፣ ቡና አይጠፋም።