ዘውድ ስላለበት የእንግሊዝ ነው አይባልም

ልጄ እንደምን ሰነበትሽ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? ልትገዢው ያሰብሽውን ሽጉጥ ያነሳሽባቸው ፎቶዎች ማታ ከሥራ ስገባ ደረሱኝ፣ በስልክ ብነግርሽ ግማሹን ትረሺዋለሽ ብዬ ነው እንዲህ የምጽፍልሽ። ከሁሉ በፊት ግን ሦስተኛው ፎቶ ላይ ጣትሽ ቃታው ላይ ነው! ሻጩ ሰውዬ ባዶ ነው ብሎ ቢምልልሽ እንኳን ማጉረሻውን (ሲሊንደሩን) ራስሽ ከፍተሽ ስድስቱንም ቀዳዳ በአይንሽ ሳታዪ ሁለተኛ እንዳትይዢው፣ እናትሽ ብታየው ምን እንደምትል ታውቂያለሽ።

እሺ ወደ ሽጉጡ። ሻጩ "የእንግሊዝ ሥራ ነው፣ ይኸው የዘውድ ማህተሙ" ብሎ ዋጋውን ሰቅሎብሻል። ዘውዱ እውነተኛ ነው፣ እኔ እዚህ በርሚንግሃም ጨረታ ቤት ዕቃ ሳወጣና ሳወርድ እንደሱ ያለ ስንቱን አይቻለሁ (በፈረንጆቹ ከ1997ቱ ህግ ወዲህ፣ ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፍልሽ፣ እዚህ ሀገር ሽጉጥ እንደዛ በነፃ ስለማይያዝ በኛ እጅ የሚያልፉት እንዳይተኩሱ የተደረጉት ናቸው፣ ማህተማቸው ግን ያው ነው)። ሽጉጡ ግን ስሚዝ ኤንድ ዌሰን የሚባለው የአሜሪካ ሽጉጥ ሠሪ ሥራ ነው፣ የተሠራውም ማሳቹሴትስ፣ ስፕሪንግፊልድ፣ እዛው አንቺ ያለሽበት ሀገር። መያዣው ሥር ያለው ቁጥር በቪ ፊደል ይጀምራል አይደል? በጦርነቱ ጊዜ ከ1942 ጀምሮ የመቱት ነው፣ ቪክቶሪ ሞዴል የሚሉት እሱን ነው። ከላይ በኩል ደግሞ ዩናይትድ ስቴትስ ፕሮፐርቲ (የአሜሪካ ንብረት) የሚል ይነበባል፣ ይሄ አሜሪካ በ1941 ባወጣችው የሌንድ ሊዝ ህግ ለእንግሊዝ መሣሪያ ስትልክ የሄደ ዕቃ መሆኑን ነው የሚነግርሽ።

ታዲያ ዘውዱ ከየት መጣ ትይኛለሽ። እዚህ ሀገር መሣሪያ ሳይፈተን መሸጥ በህግ ክልክል ነው፣ የቆየ ነገር ነው። የለንደን ጠመንጃ ሠሪዎች ማህበር ከንጉሡ ቻርተር ያገኘው በ1637 ነው፣ የበርሚንግሃሙ ፕሩፍ ሃውስ (የመሣሪያ መፈተኛ ቤት) ደግሞ በ1813 በፓርላማ ህግ ተቋቋመ፣ እስከዛሬም ባንበሪ ስትሪት ላይ አለ፣ ስትመጪ አሳይሻለሁ፣ በሩ ላይ የተቀረጸው የጦር መሣሪያ ብቻውን ያስደስትሻል። እዛ የሚያደርጉት ከተለመደው ጥይት የሚበልጥ ኃይል ያለው ጥይት ይተኩሱበትና ብረቱ ተሰንጥቆ ወይ አብጦ እንደሆነ መርምረው ካለፈ ማህተሙን ይመቱበታል፣ በቃ። የጦር ሠራዊት ንብረት እስከሆነ ድረስ የሲቪሉ ፈተና አያስፈልገውም፣ ጦርነቱ አልቆ የተረፈው መሣሪያ ለነጋዴ ሲሸጥ ግን ግድ ነው፣ አሜሪካ ደግሞ ቤልጂጎቹ ሊዬዥ ከተማ ውስጥ እንዳላቸው ያለ የመንግሥት መፈተኛ ቤት ስለሌላት እንግሊዞቹ ከዛ የመጣውን ሁሉ ራሳቸው ፈተኑት። ስለዚህ ማህተሙ ፓስፖርት ላይ እንደሚመታ ቪዛ በይው፣ ሽጉጡ በየት እንዳለፈ እንጂ የት እንደተወለደ አይነግርሽም።

አሁን አራተኛውን ፎቶ ክፈቺና አጉልተሽ እይው። ሻጩ "ኢንግሊሽ ሜክ ይላል" ያለሽ ጽሑፍ አለ አይደል፣ ከፊቱ ያለውን ልሙጥ ቦታ አየሽው? እዛ ላይ የሦስት ፊደል ጥላ አለ። ሙሉው ኖት ኢንግሊሽ ሜክ ነው ልጄ! ከ1925 እስከ 1955 ድረስ በውጭ ሀገር መሣሪያ ላይ የሚመቱት ጽሑፍ ነው፣ እንግሊዞቹ ራሳቸው የኛ ሥራ አይደለም ብለው ብረቱ ላይ ጽፈውታል፣ ኖት የምትለዋን አንድ ሰው ሞርዶ አጠፋት። ሰውዬው እያጭበረበረሽ ነው አልልም፣ የታየውን ነው ያነበበው፣ ግን ፊደሉ የተፋቀው ሽጉጡ ተሞርዶ እንደገና ቀለም ስለተሰጠው ነው፣ ይሄ ደግሞ ዋጋውን ክፉኛ ያወርዳል። ጠርዙ ስል የሆነ ማህተምና ጠርዙ የተንሸራተተ ማህተም ልዩነቱ የስልክሽን መብራት ከጎን ስታበሪበት ይታይሻል፣ ፊት ለፊት ካበራሽው ግን ምንም አታዪም። በብረት ብሩሽ እንዳታሻሽው ብቻ።

ዘውዱ ሥር ያለው ቢ ኤን ፒ የበርሚንግሃም ናይትሮ ፕሩፍ ነው፣ ጭስ በሌለው ባሩድ ተፈትኗል ማለት ነው፣ በ1954ቱ ደንብ የመጣ ነው፣ ከዛ በፊት ቢ ቪ፣ ቢ ፒ እና ኤን ፒ ተለያይተው ነበር በየዘውዳቸው የሚመቱት። ለንደን ቢሆን የተጠላለፈ ጂ ፒ ወይ ጎራዴ የያዘ ክንድ ታዪ ነበር። ሁለቱን ጽሑፍ፣ እስከ 1955 የተመታውን ኖት ኢንግሊሽ ሜክና ከ1954 የመጣውን ቢ ኤን ፒ፣ አንድ ላይ ስታዪው ይሄ ሽጉጥ በ1950ዎቹ አጋማሽ አካባቢ ከሠራዊቱ ወጥቶ ለገበያ የቀረበ ነው። ያቺ የቀስት ጫፍ የምትመስለው ደግሞ የመንግሥት ንብረት ምልክት እንጂ የፈተና አይደለችም፣ ሁለት ቀስት ጫፍ ለጫፍ ከገጠሙ ከሠራዊት ተሸጦ ወጣ ማለት ነው።

በርሜሉ ላይ ያለው .38፣ .767 እና 3½ ቶን ነው ዋናው ቁም ነገር። .38 የጥይቱ መጠሪያ ነው፣ .767 የቀለሁ ርዝመት ነው በኢንች፣ 3½ ቶኑ ግፊቱ ነው፣ አጠገቡ ያለችው ትንሽ ሳጥን ስኩዌር ኢንች ለማለት ናት። (አንዴ ጨረታ ላይ 18 ቶን የተጻፈበት ጋራንድ የሚባል የአሜሪካ ጠመንጃ መጥቶ አንድ ሰውዬ ይሄ ጠመንጃ 18 ቶን ይመዝናል እንዴ ብሎ አዳራሹን አሳቀው።) እና ይሄ ሽጉጥ የተፈተነው ለአጭሩና ወፈር ላለው ለእንግሊዙ .38 ነው። ሻጩን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቂው፣ .38 ስፔሻል የሚባለውን ረዘም ያለ የአሜሪካ ጥይት ይጎርሳል ወይ? አዎ ካለሽ አሜሪካ ከተመለሰ በኋላ ማጉረሻውን በመሰርሰሪያ አርዝመውታል፣ በዛን ጊዜ በብዛት የተሠራ ሥራ ነው፣ ስፔሻሉ ቀጠን ስለሚል ሲተኮስ ቀለሁ ያብጣል፣ አንዳንዴም ይሰነጠቃል። በርሜሉንም ለኪው፣ ለእንግሊዝ የተላከው 5 ኢንች ነበር፣ ከፎቶው አጭር መሰለኝ፣ ካጠረ ተቆርጧል።

አያትሽ ምንሽር ከውጅግራ በሩቁ የሚለይ ሰው ነበር፣ ይሄ የብረት ፍቅርሽ ከሱ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ስለዚህ አትግዢ አልልሽም። ተሞርዶ፣ ምናልባትም ተቆርጦና ተሰርስሮ፣ በኦሪጅናል ዋጋ ግን አይሆንም። ሲሊንደሩን ከኋላ በኩል አንሽና ላኪልኝ፣ እያንዳንዱ ቀዳዳ ጋ ማህተም መኖር አለበት፣ ቁጥሩም ከመያዣው ሥር ካለው ጋር አንድ መሆኑን እይ። ቅዳሜ እረፍት ነኝ፣ ከሰውዬው ጋር ሳትዋዋዪ ደውይልኝ።

አባትሽ