ለእታለም፣ ስለ ጠዋቷ ፀሐይ

እታለም፣ እንደምን ሰነበታችሁ? እኔም ልጄም ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ለእማዬ ዓይን ኦፕራሲዮን የሚሆነውን ብር ልኬያለሁ። ሄደሽ አውጪው። የምጽፍልሽ ግን ስለ ብሩ አይደለም። ከመስቀል ወዲህ ድምፅሽን አልሰማሁም፣ ጥፋቱም የኔ ነው።

ያቺ ፎቶ አሁንም ስልኬ ላይ አለች። ሕፃኑ ልጅሽ ራቁቱን ቅባት ተቀብቶ፣ እማዬ ጉልበት ላይ ተኝቶ ፀሐይ ይሞቃል። ጣቶቹ ነጠላዋን ጨብጠዋል። እኔ ደግሞ ደውዬ «ልጁን ልትጠብሱት ነው?» ብዬ ጮህኩብሽ። እማዬ አጠገብሽ ሆና ትሰማኝ እንደነበር ያወቅሁት ኋላ ነው። ሁላችንንም እንደዚያ ያሳደገች እናት! እስካሁን ይቆጨኛል።

ስቶክሆልም ሰው በበጋ ልጁን ክሬም ሳይቀባ አያወጣም። የዚህን አገር ጥንቃቄ እንዳለ ወስጄ እናንተ ላይ ጫንኩት። ለነሱ ነጭ ቆዳ ልክ ነው። ለኛ ልጆች ግን ነገሩ ሌላ ነው።

አሁን ታኅሣሥ ነው። ቀኑ 6 ሰዓት ያህል ብቻ ነው፣ 9 ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል። ልጄን በመስኮቱ በኩል ፀሐይ አሞቃት ነበር። ነርሷ ስትሰማ መስታወቱ ቫይታሚን ዲ የሚሠራውን ጨረር እንደማያሳልፍ ነገረችኝ። ጥቁር ቆዳ ደግሞ ያንኑ ቫይታሚን ለመሥራት ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ በየማለዳው ማንኪያ ላይ 5 ጠብታ ቆጥሬ አጠጣታለሁ። የሌሎቹ ልጆች 2 ዓመት ሲሞላቸው ያቆማሉ፣ የኔዋ ትቀጥላለች። አጥንቷ እንዳይለሰልስ፣ እግሯ እንዳይጎብጥ ነው። እማዬ ግቢው ውስጥ በነፃ የምትሰጠውን እኔ ከብልቃጥ እቀዳለሁ።

አንድ ነገር ግን አልለቅም። ቀትር ሌላ ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት። በየ1,000 ሜትሩ ጨረሩ በ10 በመቶ ገደማ ይበረታል። ጣና ላይ ደግሞ ውሃው ብርሃኑን መልሶ ፊት ላይ ይረጨዋል። እማዬስ በቀትር «ምች ይመታችኋል!» እያለች ታስገባን አልነበር? እሷ ግን ብቅሉንና በርበሬውን ስታሰጣ እጇን ግንባሯ ላይ ጋርዳ እዚያው ትውል ነበር። የዓይኗ ሞራ ከዕድሜ ነው፣ የዓመታት ፀሐይም ያግዘዋል። ቆዳችን ብዙ ይችላል፣ ዓይናችን ግን እንደማንም ሰው ዓይን ነው።

ትልቁ ልጅሽ ሐይቁ ዳር ሲውል ባርኔጣ አድርጊለት። ጥላው ከቁመቱ ካጠረ ማንጎው ሥር ይግባ። የላክሁት ክሬም 30 ቁጥር ነው፣ በደንብ ከተቀባ ከሚያቃጥለው ጨረር 97 በመቶውን ይይዛል። እሱም ለዘጌ ጉዞና ቀኑን ሙሉ ታንኳ ላይ ለሚዋልበት ቀን እንጂ ለየዕለቱ አይደለም። ሕፃኑን እንዳትቀቢው፣ ገና 6 ወር አልሞላውም። ለሱ በቀትር ጥላና ነጠላ ይበቃል።

ለወንድማችን ሠርግ በጥር አልደርስም። ሥራ ትንሽ በዝቶብኝ ነው፣ ሌላ ነገር እንዳይመስልሽ። ሚዜዎቹ በዘንባባው መንገድ እየጨፈሩ ሲያልፉ ስልኩን ከፍ አድርገሽ ያዢልኝ። የእማዬ ዓይን የተፈታ ቀንም መጀመሪያ ለኔ ደውዪ፣ ፊቴን ታየኝ። በራሴ አፍ ይቅርታ ልጠይቃት።

የሕፃኑን ፎቶም ላኪልኝ። ፀሐይ ሲሞቅ።

እህትሽ