የኔትወርክ ኮምፒውተርን የጣለው ሐሳቡ አይደለም

ክቡር አዘጋጅ፣

ስለ ክላውድ (በኢንተርኔት በኩል ስለሚሰጥ የኮምፒውተር አገልግሎት) ባወጣችሁት ጽሑፍ፣ በ1990ዎቹ (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) የቀረበው የኔትወርክ ኮምፒውተር፣ ማለትም የራሱ ሃርድ ዲስክ ሳይኖረው ሁሉን ከሰርቨር (ብዙ ማሽኖችን ከሚያገለግል ማዕከላዊ ኮምፒውተር) የሚያመጣ ማሽን፣ የወደቀው ሐሳቡ ስህተት ስለነበረ ነው ተብሏል። ይህ ሊታረም ይገባል።

የዳታቤዝ ሶፍትዌር ኩባንያው የኦራክል መሪ ላሪ ኤሊሰን በ1995 ሃርድ ዲስክ የሌለው የ500 ዶላር ማሽን ይመጣል ሲል ስሌቱ ግልጽ ነበር። ፕሮግራሙም ሰነዱም ሰርቨር ላይ ከተቀመጠ ጠረጴዛው ላይ ዊንዶውስ አያስፈልግም፤ ኦራክል ደግሞ ገበያው ሰርቨር ላይ ነው። ሰን የፕሮግራም ቋንቋውን ጃቫን፣ ኔትስኬፕ ብሮውዘሩን፣ አይቢኤም ኔትወርክ ስቴሽን የተባለውን ማሽኑን ይዘው ተሰለፉ። በኦክቶበር 1996 ሰን የራሱን የኔትወርክ ኮምፒውተር ጃቫስቴሽንን ሲያወጣ ማይክሮሶፍትና ኢንቴል ኔትፒሲን ይፋ አደረጉ፤ እሱ ግን ከርቀት የሚተዳደር፣ ሃርድ ዲስኩም ዊንዶውሱም ያልተነካ ፒሲ ነበር።

ችግሩ የነበረው የኔትወርኩ መስመር ላይ ነው። ዲስክ አልባ ማሽን ሲበራ በመጀመሪያ አድራሻ ይጠይቃል፣ ቀጥሎ ሲስተሙን (ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰውን ዋና ሶፍትዌር) ከሰርቨር ያወርዳል። ሲስተሙ 4 ሜጋባይት ብቻ ነው ብንል 32 ሜጋቢት ይሆናል። በ28.8 ኪሎቢት ሞደም ይህ ከ18 ደቂቃ በላይ ይወስዳል፤ ስለዚህ ለቤት አልሆነም። በቢሮ 10 ሜጋቢት ኤተርኔት አንድ ማሽን በ3 ሰከንድ ይነሳል። ግን ማሽኖቹን የሚያገናኘው የያኔው ሃብ አንዱን መስመር ለሁሉም ያካፍላል፤ ጠዋት 30 ሠራተኛ በአንድ ጊዜ ሲያበራ በትንሹ 96 ሰከንድ ይፈጃል፣ ፓኬቶች (የመረጃ ጥቅሎች) ተጋጭተው ድጋሚ ሲላኩ ደግሞ ከዚያም ይረዝማል። ጃቫም ያኔ ዘገምተኛ ነበር፤ የሶፍትዌር ኩባንያው ኮረል የቢሮ ፕሮግራሞቹን በጃቫ መጻፍ ጀምሮ በ1997 ተወው። በዚያው ዓመት ሙሉ ፒሲ ከ1,000 ዶላር በታች ሲሸጥ የዋጋው ብልጫም አበቃለት።

ሐሳቡ ራሱ ግን አልሞተም። ማይክሮሶፍት እንኳ በ1998 ፕሮግራሞቹን ሰርቨር ላይ እያሠራ ስክሪኑን ብቻ ወደ ጠረጴዛ የሚልከውን የኤንቲ ተርሚናል ሰርቨር አወጣ፤ አማዞን በ2006 ማከማቻና የማስሊያ አቅም በኪራይ አቀረበ። በ2011 የወጣው የጉግል ላፕቶፕ ክሮምቡክ ደግሞ አንድ ነገር አሻሻለ፦ ሲስተሙን እዚያው ማሽኑ ላይ አስቀርቶ ፕሮግራሙንና ሰነዱን ኔትወርክ ላይ አዋለ። ለእኔ ቁልፉ ልዩነት ይህ ነው።

ዛሬ ዲስክ አልባ ማሽኖች ለመግዛት ያሰበ ቢሮም ከማሽኑ በፊት መስመሩን ይይ። የሚወርደው ሲስተም 200 ሜጋባይት ከሆነና ሰርቨሩ በ100 ሜጋቢት ከተገናኘ፣ 30 ማሽኖች ለመነሳት 8 ደቂቃ ይፈጅባቸዋል፤ በ1 ጊጋቢት 48 ሰከንድ። ዩፒኤሱ (መብራት ሲጠፋ የሚያገለግለው ባትሪ) ከሰርቨሩ ሌላ ማሽኖቹን የሚያገናኘውን ስዊችም መያዝ አለበት፤ ስዊቹ ከጠፋ ሰርቨሩ ቢሠራም ሁሉም ስክሪን ይደርቃል። ውል ከመፈረሙ በፊት ሻጩ ፊት ማሽኖቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይብሩ፣ ሰዓትም ይያዝ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ