የፈረንሳይኛ ክበብ ዘገባ፦ ከጥያቄ ሣጥኑ እስከ ለገሃር

ባለፈው ዓመት መጽሔታችን ላይ ስለ ፈረንሳይኛ ክበብ የወጣው ሁለት መስመር ብቻ ነበር። «ክበቡ እንቅስቃሴውን አጠናክሮ ቀጥሏል» ይላል። ቀጥሎ ያለው ገጽ ለእግር ኳስ ቡድናችን ከነፎቶው ተሰጥቷል። ቅር ብሎኝ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ቅር ብሎኛል። ስለዚህ ዘንድሮ አዘጋጆቹ ዘንድ ቀድሜ ሄጄ ቦታ ይዣለሁ።

ለማታውቁን፣ የምንሰበሰበው ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ነው። ቦታችን ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያለችው ክፍል ናት። አዎ፣ ያቺ የተሰበሩ ዴስኮች የሚከማቹባት። ዴስኮቹን ወደ ጥግ ገፋ እናደርግና እንቀመጣለን። ጥቅምት ላይ ሊቀ መንበርና ጸሐፊ መረጥን፣ ዕቅድ አውጥተን ለክበባት አስተባባሪው አስገባን፣ መዝሙር አጠናን፣ ሰላምታና ቃለ ምልልስ ተለማመድን። ቃለ ጉባኤው በፋይል አለ፤ ማየት የፈለገ ያየዋል። መጀመሪያ ላይ ክፍሏ ጢም ብላ ነበር። ከመንፈቀ ዓመቱ ፈተና በኋላ ሳሳን። የአሥራ ሁለተኛ ክፍሎቹ ለብሔራዊ ፈተና ብለው ወጡ፤ አልፈርድባቸውም።

የዘንድሮው አዲስ ነገር የጥያቄ ሣጥኑ ነው። የጫማ ካርቶን ነው፤ አናቱን በምላጭ ቀደን በሩ አጠገብ አስቀመጥነው። አባል የሆነም ያልሆነም፣ ስሙን ሳይጽፍ ይጥልበታል። መጀመሪያ ሰሞን የሚወጣው ቀልድ ብቻ ነበር። አንዱ «ቲቸር፣ ማርክ ይጨመርልኝ በፈረንሳይኛ ምን ይባላል?» ብሎ ጽፏል። ቀስ እያለ ግን ቁም ነገሩ መጣ። ወላጆችም ስብሰባ ላይ የሚጠይቁኝ ያንኑ ስለሆነ ጥቂቱን እዚህ ልመልስ።

«ከእንግሊዝኛ ይከብዳል?» የሚለው በብዛት የተጣለ ጥያቄ ነው። ለማንበብ አይከብድም። እ.ኤ.አ. በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙ በኋላ እንግሊዝኛ ከፈረንሳይኛ የወሰደው ቃል ሥፍር ቁጥር የለውም። ልጆቹ አንድ አንቀጽ ስሰጣቸው የሚያውቁትን ቃል እያሰመሩ ግማሹን ይጨርሱታል። ችግሩ መስማት ላይ ነው። የቃሉ መጨረሻ ላይ ያሉ ተነባቢዎች አብዛኛውን ጊዜ ይጻፋሉ እንጂ አይጠሩም። ቀጣዩ ቃል በአናባቢ ሲጀምር ደግሞ ያ የተደበቀው ድምፅ ድንገት ብቅ ይላል። «ታዲያ ካልጠሩት ለምን ይጽፉታል?» ብሎ የተቆጣ ወረቀት ወጥቶ ነበር። ድሮ ይጠሩት ነበር። አንደበቱ ሲለወጥ ጽሕፈቱ ባለበት ቀረ። እኛም «ሐ» እና «ኀ» አሉን፤ ብዙ አንፍረድ።

አነጋገሩ ላይ የአማርኛ ተናጋሪ ዕድለኛ ነው። «ዤ» ለማለት ዥ አለን፣ «ሞንታኝ» ለማለት ኝ አለን። የሚያስቸግረን ሌላ ነው። «ቱ» በሉ ስላቸው ሁሉም እንደ አማርኛው «ቱ» ይላሉ። ከንፈር ለ«ኡ» መሾል አለበት፣ ምላስ ግን ለ«ኢ» እንደተዘጋጀ መቆየት አለበት። አንድ ሙሉ ሐሙስ በዚህ አለፈ። ክፍሉ ሁሉ አፉን አሹሎ ተቀምጦ ሳለ የጽዳት ሠራተኛችን በሩን ከፈቱ። አዩን፣ ምንም ሳይሉ መልሰው ዘጉት።

«ዕቃ እንዴት ወንድና ሴት ይሆናል?» ይላል ሌላው። ጠረጴዛ ሴት ናት፣ መጽሐፍ ወንድ ነው፤ ምክንያት አትፈልጉ። እኛም «ፀሐይ ወጣች»፣ «መኪናዋ ተበላሸች» እንላለን። ልዩነቱ እኛ ስናቆላምጥ ወይም ስንንቅ እንደ ፈለግን እንቀያይራለን፤ በፈረንሳይኛ ግን ዕቃው አንዴ ከተመደበ ተመደበ ነው። ቃሉን ብቻውን አትያዙት፤ ከፊቱ ካለችው «ለ» (ለወንድ) ወይም «ላ» (ለሴት) ጋር አብራችሁ ያዙት። አንዳንድ መድረሻም ይጠቁማል። በ«ሲዮን» ድምፅ የሚያልቁት እነ «ናሲዮን» ሴት ናቸው። በ«ማን» የሚያልቁት እነ «ጉቬርንማን» አብዛኞቹ ወንድ ናቸው።

አክብሮቱ ግን ለእኛ ልጆች ጨዋታ ነው። አንድ እንግሊዛዊ «ቱ» እና «ቩ»ን መቼ እንደሚል ግራ ይገባዋል። የእኛ ልጅ አንተንና እርስዎን ከናቱ ጡት ጋር ነው የጠባው። እንዲያውም አንዷ «አንተና አንቺን አይለዩም እንዴ? እንዴት ይግባባሉ?» ብላ ለፈረንሳዮች አዘነችላቸው።

«በስንት ጊዜ ይለመዳል?» እዚህ ላይ ርዕሰ መምህራችንና የወላጅ ኮሚቴው ጆሮ ይስጡኝ። ኤ1 ለሚባለው የመጀመሪያ ደረጃ በተለምዶ ከ60 እስከ 100 ሰዓት ትምህርት ያስፈልጋል ይባላል። እኛ በሳምንት አንድ ሰዓት አለን። ከመስከረም እስከ ሰኔ አንድም ሐሙስ ባይታጎል እንኳ 40 ሰዓት ቢሞላ ነው። ደግሞ ይታጎላል። በዓል አለ፣ ፈተና አለ፣ ክፍሏን ለስብሰባ የሚፈልጋት አለ። «ልጆቹ ዓመቱን ሙሉ ተምረው ለምን አይናገሩም?» ለሚሉኝ ባልደረቦቼ መልሴ ይኸው ነው።

«የፈረንሳይኛ ፈተና ውጤት ጊዜው ያልፍበታል ወይ?» ብሎ የጠየቀ አርቆ አሳቢም አለ። ዴልፍ የሚባለው የፈረንሳይኛ ችሎታ ዲፕሎማ አያልፍበትም፤ አንዴ ከያዙት የዕድሜ ልክ ነው። ቴሴኤፍ የሚባለው ፈተና ውጤት ግን ሁለት ዓመት ብቻ ነው የሚያገለግለው። ዘንድሮ ጥቂት ልጆችን ለዴልፍ ኤ1 ላስቀምጥ አስቤ ነበር። ክፍያው ከአቅማችን በላይ ሆነና አልተሳካም።

«ጥቅሙ ምንድን ነው?» እና «ለምን ቻይንኛ አንማርም?» የሚሉትን አንድ ላይ ልያዛቸው። ቻይንኛም ተማሩ፣ ማን ከለከላችሁ! ግን የምንኖርበትን ከተማ እዩት። የአፍሪካ ኅብረት እዚሁ ነው፤ ፈረንሳይኛ ከሥራ ቋንቋዎቹ አንዱ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽንም እንደዚሁ። የወደብ ጎረቤታችን ጅቡቲ በፈረንሳይኛና በዓረብኛ ትሠራለች። አየር መንገዳችን ኪንሻሳ፣ አቢጃን፣ ሎሜ ይበራል። በዓለም ላይ ከ300 ሚሊዮን በላይ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ አለ ሲባል ልጆቹ ፓሪስን ያስባሉ፤ ትልቋ የፈረንሳይኛ ከተማ ግን ኪንሻሳ ናት። ይኼ ሁሉ ሥራ አፍንጫችን ሥር እያለ ቋንቋውን የሚችል ከሌላ አገር ሲመጣ አይቆጨንም?

«ስልኬ ይተረጉምልኝ የለ?» ለሚለው ወረቀት የምመልሰው አልነበረኝም። መልሱ ሚያዝያ ላይ ራሱ መጣ።

ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ለክበቡ ጉብኝት፣ የመኪና በጀት ስላልተፈቀደልን፣ በእግራችን ወጣን። መንገዱ ከፒያሳ ቁልቁል በቸርችል ጎዳና ነው፤ ለእግር ይመቻል። ከደጎል አደባባይ ጀመርን። ጄኔራል ደጎል እ.ኤ.አ. በ1966 አዲስ አበባን መጎብኘታቸውን ነገርኳቸው፤ ብዙም አልገረማቸው። ፖስታ ቤቱ ጋ ስንደርስ አንዱ ልጅ ከአያቱ ያገኘውን የድሮ ቴምብር ከኪሱ አወጣ። በፕላስቲክ ጠቅልሎታል። አማርኛና ፈረንሳይኛ ተጽፎበታል። ለምን እንግሊዝኛ እንዳልሆነ ጠየቀኝ። ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1908 ነው፤ የኅብረቱ ይፋዊ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነው። የመጀመሪያዎቹ የምኒልክ ቴምብሮችም የታተሙት ፓሪስ ነበር። ቴምብሩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ ልጁ እስኪመለስለት ድረስ ዓይኑን አልነቀለም።

በፈረንሳዩ ትምህርት ቤት፣ በሊሴ ገብረ ማርያም አጥር ሥር ስናልፍ «እነሱስ በሳምንት ስንት ሰዓት ይማራሉ?» አለ አንዱ። «ቀኑን ሙሉ» አልኩት። ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። ብሔራዊ ትያትር ፊት ያለውን አንበሳ የሠራው ሞሪስ ካልካ የሚባል ፈረንሳዊ ቀራፂ መሆኑን ነግሬያቸው ፎቶ ተነሡና ወደ ለገሃር አለፍን።

ስሙ ራሱ ከፈረንሳይኛው «ላ ጋር» (ባቡር ጣቢያ) መምጣቱን የማያውቅ ስለሌለ አልደክምበትም። ባቡሩ አዲስ አበባ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው፤ ጣቢያው የተመረቀው ደግሞ በ1929። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ከለቡ ስለሚነሣ አሮጌው ጣቢያ ዛሬ ጭር ብሏል። ከውጭ ቆመን ግንባሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ ጀመርን። አንዱ ጮክ ብሎ «ቼሚን» ሲል ከኋላችን «ሸማን!» የሚል ድምፅ መጣ።

ዞር አልን። አንድ ሽማግሌ ናቸው። ኮትና ባርኔጣ፣ እጃቸው ላይ ከዘራ። «ቼሚን አይባልም ልጄ። ሸማን። ሸማን ደ ፌር» አሉ፤ የባቡር ሐዲድ ማለታቸው ነው። የባቡሩ ጡረተኛ ነበሩ። ፈረንሳይኛውን የለመዱት ድሬዳዋ ሥራ ላይ ነው፤ በዚያን ጊዜ የድርጅቱ ወረቀት ሁሉ በፈረንሳይኛ ነበር። «ማነው አስተማሪያችሁ?» አሉና ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። ፈተና ላይ የተቀመጥኩ መሰለኝ።

አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ አለችን። ስሟን ብጽፍ ስለምታፍር እተወዋለሁ። ዓመቱን ሙሉ አንገቷን ደፍታ የምትቀመጥ ናት። በተለይ ቁጥር ጠላቷ ነው። ፈረንሳዮች ሰባን «ስልሳ ዐሥር»፣ ሰማንያን «አራት ሃያ»፣ ዘጠናን «አራት ሃያ ዐሥር» ብለው ነው የሚቆጥሩት። ቤልጂጎችና ስዊሶች ሰባና ዘጠናን አቅልለውታል፤ እኛ ግን የፈረንሳዩን ነው የያዝነው። ልጅቷ ስልሳ ዘጠኝ ትደርስና ትቀመጣለች።

እሷ ናት ከመሃል ወጥታ «ቦንዡር ሙስዩ» ያለቻቸው። እጇን ዘርግታ፣ በግራ እጇ ቀኝ ክንዷን ደግፋ፣ ጎንበስ ብላ። ሽማግሌው ሰላምታውን ተቀበሉና በፈረንሳይኛ ቀስ ብለው ጠየቋት፤ ከዚህ እስከ ጅቡቲ ስንት ኪሎ ሜትር ነው? ጥያቄው ገባት፤ መልሱን ግን አታውቀውም። ራሳቸው መለሱላት። «ሴት ሳን ካትር ቫን ካትር።»

ልጅቷ ጣቷን አወጣች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ሰባት መቶ። አራት ጊዜ ሃያ። ከዚያ ደግሞ አራት። ጓደኞቿ ሊነግሯት ሲሉ ሽማግሌው በከዘራቸው ዝም አሰኟቸው። «ሰባት መቶ ሰማንያ አራት!» አለች። ባርኔጣቸውን አወለቁላት።

ከዚያ በኋላ ማን ያቁማቸው። ጣቢያዎቹን በቅደም ተከተል ይጠሩላት ጀመር። ሞጆ፣ አዳማ፣ መተሐራ፣ አዋሽ፣ አፍደም፣ ኤረር፣ ድሬዳዋ። ከድሬዳዋ ወዲያ አዲጋላ፣ አይሻ፣ ደወሌ። እሷ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትጽፋለች። «አብረውኝ የሠሩት አልቀዋል፤ ይኼን ቋንቋ ካወራሁ ቆየሁ» አሉ በአማርኛ። እኔ ፀሐዩን አመካኝቼ መነጽሬን አደረግሁ። ስልክ ያወጣ ልጅ አልነበረም፤ ለፎቶ ካልሆነ በስተቀር።

ከዚያ ወዲህ ልጅቷ ሐሙስ ሐሙስ ቀድማኝ ትደርሳለች። ዴስኮቹን የምትገፋው እሷ ናት።

የቀረውን ባጭሩ። የፍራንኮፎኒ ማለትም የፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ቀን መጋቢት 11 ነው፤ በሰንደቅ ዓላማ ሰዓት ግጥምና መዝሙር አዘጋጅተን ነበር። የሚኒ ሚዲያውን ድምፅ ማጉያ ተውሰን ሁሉን ካዘጋጀን በኋላ መብራት ጠፋ። ልጆቹ በጉሮሯቸው ዘመሩት። ከኋላ ያሉት አልሰሙም፤ አጨበጨቡ ግን። መዝገበ ቃላት ሁለት አለን። አንደኛው «ኤስ» ላይ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ገጽ የለም። በ«ቴ» የሚጀምር ቃል የሚፈልግ ተራ ይጠብቃል።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። አንደኛ፣ ማክሰኞም አንድ ሰዓት ይጨመርልን። ሁለተኛ፣ የተሰበሩት ዴስኮች ወይ ይጠገኑ ወይ ሌላ ቦታ ይፈለግላቸው። ሦስተኛ፣ የቀድሞ ተማሪዎቻችንና ወላጆች፣ ቤታችሁ አቧራ የለበሰ የፈረንሳይኛ መዝገበ ቃላት፣ የሰዋስው መጽሐፍ ወይም የልጆች ተረት ካለ ለቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ስጡልን። ለዴልፍ መመዝገቢያ የሁለት ወይም የሦስት ልጆችን ክፍያ የሚችል በጎ ፈቃደኛ ከተገኘ ደግሞ ሒሳቡ በትምህርት ቤቱ ደረሰኝ ይሠራል፤ በእኔ እጅ አያልፍም።

የአዲሱ ዓመት ምዝገባ መስከረም ላይ ትምህርት እንደተጀመረ ነው። ሣጥኑ ክረምቱን የጥበቃ ቤት ይቆያል፤ ለመመዝገብ የምትመጡ ጥያቄ መጣል ትችላላችሁ። የማርኩን ነገር ግን አሁንም አልመልስም።