የደበዘዘውን መብራት አሳልፋችሁ የተስተካከለውን ለምን ጣላችሁ? ለተሽከርካሪ ምርመራ ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ በከተማችን የተሽከርካሪ ቴክኒክ ምርመራን ለሚመራው መሥሪያ ቤት ኃላፊ

ክቡር ኃላፊ፣

ጉዳዬን በአደባባይ ይዤ የወጣሁት በጓዳ ስላላለቀልኝ ነው። ማመልከቻዬ ማኅተም ተመትቶበት መዝገብ ቤታችሁ ገብቷል። ከዚያ ወዲህ የት እንደደረሰ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም። ቢሮዎ ስመጣ ስብሰባ ላይ ነዎት። ምክትልዎ ዘንድ ስቀርብ «ይታያል» ይሉኛል፤ የሚያየው ማን እንደሆነ ስጠይቅ ደግሞ ስልካቸው ይጠራል። ነገሩ ይህን ያህል ስብሰባ የሚያስጠራ አይደለም። ስለ ሁለት የመኪና የፊት መብራቶች ነው።

መኪናዬ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1980ዎቹ የተሠራች ቶዮታ ኮሮላ ናት። ሞተሯ አይጨስም፣ ፍሬኗ ይይዛል፣ ጎማዋ የራሷ ነው። (ይህን የመጨረሻውን ለምን እንዳነሳሁት ከግቢያችሁ በር ውጪ ቆሞ ያየ ሁሉ ይረዳኛል፤ እዚያ ጎማም፣ የእሳት ማጥፊያም፣ ባለሦስት ማዕዘን ምልክትም ለምርመራው ሰዓት ብቻ ይከራያል።) ችግሯ ሲመሽ ነበር የሚወጣው። መብራቱ ከማሾ ያልተሻለ ነበር፤ አስፋልቱን ቢጫ ያደርገዋል እንጂ ላዩ ላይ ያለውን አያሳየኝም።

ሥራዬ ወደ ደብረ ሲና ያመላልሰኛል። መንገዱ ላይ ያለውን የጣርማበር ተራራ ለሚያውቅ ሰው ብዙ ማብራራት አያስፈልግም። ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ በጣሊያን ጊዜ ከተቆፈረው ዋሻ ወዲህም ወዲያም፣ ጉሙ አንዳንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ ሰዓት ሳይቀር ይወርዳል። ጉም ውስጥ ረጅሙን መብራት ያበራ ሰው የራሱ ብርሃን ተመልሶ ዓይኑን ነው የሚመታው። ያለው አማራጭ አጭሩ መብራት ብቻ ነው። አጭሩ የደከመ መኪና ይዞ ያን ቁልቁለት መውረድ የሰውን ነፍስ ለዕድል መስጠት ነው።

የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ዘንድ ወሰድኳት። ሰውየው ነገር አያበዛም። አምፖል ቀይርልኝ ስለው «አምፖሉ ምን አደረገ?» ብሎ ቴስተሩን አወጣ። ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ ለካ፤ 13.9 ቮልት። አጭሩ መብራት በርቶ የአምፖሉ ሶኬት ላይ ለካ፤ 11.4። ሁለት ቮልት ተኩል መንገድ ላይ ቀርቷል ማለት ነው። የቀረበትንም ቦታ በጣቱ እያስነካ አሳየኝ። የመብራቱ ኤሌክትሪክ ሙሉ በሙሉ ከባትሪው ተነስቶ በፊውዝ ሳጥኑ አድርጎ መሪው ሥር ወዳለው ማብሪያ ይሄዳል፣ ከዚያ ዞሮ በቀጭን ሽቦ ወደ ፊት ይመለሳል። ማብሪያው በእጅ ሲነካ ይሞቃል። ማገናኛዎቹ አረንጓዴ ዝገት አውጥተዋል። ማሳው (ኤሌክትሪኩ በመኪናዋ አካል በኩል ወደ ባትሪው የሚመለስበት ሽቦ) የታሰረበት ብሎን ከራዲያተሩ አጠገብ ዝጎ ቀለሙ እንኳ አይለይም።

የሃሎጅን አምፖል ብርሃን ከቮልቴጁ ጋር እኩል እየወረደ አይሄድም። ቮልቴጁ 10 በመቶ ሲቀንስ ብርሃኑ 30 በመቶ ያህል ይቀንሳል። የእኔ ቮልቴጅ የቀነሰው 18 በመቶ ነው፤ ከብርሃኑ ግማሽ ያህሉ ገና መስታወቱ ጋ ሳይደርስ ጠፍቶ ነበር። ይህ ለመሥሪያ ቤትዎ መርማሪዎች አዲስ ነገር መሆን የለበትም። አዲስ ከሆነባቸው ደግሞ ይህ ራሱን የቻለ ሌላ ደብዳቤ ያስጽፋል።

ባለሙያው ሁለት ሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ታዝዞ ትልቁን የሚያገናኝ ማብሪያ) ገጠመ፤ አንዱ ለአጭሩ፣ ሌላው ለረጅሙ። ከባትሪው በቀጥታ፣ በፊውዝ የተጠበቀ ወፍራም ሽቦ ዘረጋ። ከድሮው ሽቦ አንዱንም አልቆረጠም። የዱሮው ማብሪያ አሁን ሪሌውን ከማዘዝ በቀር የሚሸከመው ኃይል የለም። ማሳውን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ አጸዳው። አምፖሎቹ ያው የድሮዎቹ ናቸው፤ ለአጭሩ 55፣ ለረጅሙ 60 ዋት። ሶኬቱ ላይ እንደገና ሲለካ 13.5 ቮልት ሆነ። ከዚያ ሜዳ ላይ አቁመን፣ ከግድግዳ 10 ሜትር ርቀን፣ የመብራቱን ቁመት በጠመኔ አሰመርን፤ የአጭሩ መብራት ጫፍ ከመስመሩ 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ እስኪል ድረስ በብሎኑ አወረድነው። ለእኔ መንገዱ እንዲታየኝ፣ ከፊቴ የሚመጣውም ሰው ዓይኑ እንዳይጠፋ። በዚያው ሳምንት ጣርማበርን በሌሊት ስወርድ የመንገዱን ነጭ መስመር አየሁት፤ ለካስ እስከ ዛሬም ነበረ።

ከዚያ የቦሎ ጊዜ ደረሰ።

መርማሪው ኮፈኑን አስከፈተና ሪሌዎቹን በእስክሪብቶው ነካ ነካ አደረጋቸው። «ይህ ምንድን ነው?» አለኝ። ነገርኩት። «ከፋብሪካው አብሮ የመጣ አይደለም። ይነሳ።» መብራቱን አብራ አላለኝም። ብርሃኑን አልለካም፤ የት እንደሚያርፍም አላየም። ቅጹ ላይ «ያልተፈቀደ የኤሌክትሪክ ለውጥ» ብሎ ጽፎ መኪናዋን ጣላት። በየትኛው መመሪያ፣ በስንተኛው ቁጥር ብዬ ብጠይቅ «እዚህ ክርክር የለም፣ ቀጣይ!» አለ።

ቀጣዩ አንድ ሚኒባስ ነበር። ለሃሎጅን አምፖል በተሠራ የመብራት ቤት ውስጥ ከገበያ የተገዛ ነጭ የኤልኢዲ አምፖል ተገጥሞለታል። ሲያበራ ወረፋ ላይ የቆምነው ሁሉ ፊታችንን አዞርን። እርስዎ እንደሚያውቁት አጭሩንና ረጅሙን በአንድነት በያዘ ባለሁለት ክር የሃሎጅን አምፖል ውስጥ ከአጭሩ ክር ሥር አንዲት ትንሽ የብረት ጋሻ አለች፤ ብርሃኑ ወደ ላይ እንዳይረጭ የምትከልለው እሷ ናት። የአንጸባራቂው ቅርጽም የተሠራው ክሩ ያለበትን ቦታ በሚሊ ሜትር ለክቶ ነው። እዚያ ቤት ውስጥ ሌላ ዓይነት አምፖል ሲሰካ ብርሃኑ መንገዱን ትቶ የሰው ዓይን ውስጥ ይበተናል። ይህ «ለውጥ» ካልሆነ ለውጥ ምንድን ነው? ሚኒባሱ ግን አለፈ። መርማሪው እጁን ከግንባሩ በላይ ጋርዶ «ጥሩ ነው» አለ። ጥሩነቱን ያወቀው ዓይኑን ስላቃጠለው ይሆናል።

የእኔን ታሪክ ልጨርስ። ከበሩ ውጪ ካሉት ወጣቶች አንዱን ከፍዬ ሪሌዎቹን አስነቀልኩ። ሽቦው ወደ ዱሮው መንገድ ተመለሰ። ይዣት ገባሁ። መርማሪው አሁን «አብራ» አለኝ። በራ። ግራም በራ፣ ቀኝም በራ። «አለፈች።» በ11.4 ቮልት፣ በግማሽ ብርሃን፣ ለጣርማበር ብቁ ናት ተብላ ማኅተም ተመታላት።

ክቡር ኃላፊ፣ ያናደደኝ ያወጣሁት ገንዘብ አይደለም። የምርመራ ቦሎ መስታወቱ ላይ በለጠፍኩ በዚያው ሰሞን፣ ከደብረ ሲና ስመለስ፣ አመሻሽ ላይ እንጨት የጫኑ አህዮች የሚነዳ ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ መንገዱ ላይ አገኘሁ። «አገኘሁ» የምለው በፍሬን ጩኸት ነው። አቅጣጫው ዳገት ባይሆንና ፍጥነቴ ዝቅተኛ ባይሆን ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ደብዳቤ ለእርስዎ አይሆንም ነበር። ሽማግሌው ቆጣ ብለው «ዓይን የለህም?» አሉኝ። ነበረኝ፤ መሥሪያ ቤትዎ አስነቀለብኝ ብዬ ልነግራቸው አልቻልኩም። በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ይጓዛል። በአገራችን መንገድ ላይ ከሚሞተው ሰው ውስጥ የእግረኛው ድርሻ ከፍተኛ መሆኑን ደግሞ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ዘንድ የሚመጣው ሪፖርት ያውቀዋል።

የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002ን ለእርስዎ ላስተምር አልተነሳሁም። ዓመታዊ ምርመራ ለምን እንደተደነገገ ያውቃሉ። እኔ የምጠይቀው መርማሪዎ ያንን ዓላማ ያውቀዋል ወይ ብዬ ነው። በዚያ ግቢ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ሆኗል፦ ይበራል ወይስ አይበራም? የደከመም ይበራል፣ የሰው ዓይን የሚያጠፋም ይበራል፣ ሁለቱም ያልፋሉ። በልኬት ተስተካክሎ የመጣው ብቻ ይወድቃል፤ ሽቦው አዲስ ስለሆነ!

መሣሪያ የለንም እንዳይሉኝ። መሣሪያውን አይቼዋለሁ። በሁለተኛው መስመር ጫፍ፣ ከባዶ በርሜሎቹ ጀርባ፣ ሸራ ለብሶ ቆሟል፤ ባለ ጎማ፣ ፊቱ ላይ ትልቅ ሌንስ ያለው ሣጥን። የፊት መብራት የት እንደሚያርፍና ምን ያህል እንደሚያበራ የሚለካው እሱ ነው። ሸራው ላይ የተኛው አቧራ ከመብዛቱ የተነሳ አንድ ሰው በጣቱ ስሙን ጽፎበታል። መኪና ፊት ገፍቶ አምጥቶ ማንበብ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ለአንድ መኪና ያን ያህል ጊዜ የለንም ከተባለ፣ ሪሌ ለማስነቀል የፈጀብኝ ግማሽ ቀን ከየት መጣ?

ምክትልዎ አንድ ቀን፣ በጣም በተረጋጋ ድምፅ፣ «መኪናዎ እኮ አሮጌ ነው፤ ለምን አይቀይሩትም?» ብለውኛል። ምክር መሆኑ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ከውጭ ማስገባትን ለእንደኔ ዓይነቱ ደመወዝተኛ የማይቀመስ አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ። የውሳኔዎቹን በጎነት ዛሬ አልከራከርም፤ ስለ ነዳጅና ስለ ውጭ ምንዛሪ የተነገረውን ሰምቻለሁ፤ የኤሌክትሪክ መኪና መግዛት ለቻለም እሰየው። ነገር ግን መንግሥት ይህን ሲወስን አገር ውስጥ ያለችው አሮጌ ኮሮላ ገና ብዙ ዓመት መንገድ ላይ እንደምትቆይ አብሮ ወስኗል። ከቆየች ደግሞ የምትጠገንበትን መንገድ መዝጋት ምን የሚሉት አሠራር ነው? ሠላሳ ዓመት ያለፈው ሽቦ «ከፋብሪካው የመጣ» ስለሆነ የተከበረ፣ በፊውዝ የተጠበቀው አዲሱ ሽቦ ባዕድ ሆነ።

ሌላም የማይታይ ጉዳት አለው። ሪሌ ማስገጠም እንደሚያስጥል ያወቀ ባለመኪና ወደ መርካቶ ሶማሌ ተራ ብቅ ብሎ ባለ 100 ዋት አምፖል ይገዛል። ከውጭ ሲታይ ምንም ለውጥ የለውም፤ ኮፈኑ ቢከፈት አዲስ ሽቦ አይታይም። ለ55 ዋት በተሠራ ቀጭን ሽቦ ላይ 100 ዋት ሲጫን ግን ሶኬቱ ይቀልጣል፣ ማብሪያው ይቃጠላል። እኔ የማውቀው ሰው መሪው ሥር ጭስ ወጥቶበት መንገድ ዳር ባትሪውን ሲፈታ አድሯል። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል፤ የእናንተ ምርመራ ግን ቅጠል የያዘውን ሰው ነው የሚቀጣው።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ያ መሣሪያ ሸራው ይገለጥ። ለመርማሪዎቹ አንድ ገጽ የጽሑፍ መመሪያ ይሰጣቸው፦ በፊውዝ የተጠበቀና በአግባቡ የታሰረ የመብራት ሪሌ መኪና አይጥልም፤ ለሃሎጅን በተሠራ ቤት ውስጥ የተሰካ ሌላ ዓይነት አምፖል ይጥላል። የቀረውን እናንተው ታውቃላችሁ።

እስከዚያው ያደረግሁትን ልንገርዎ። ሪሌዎቹ ተመልሰው ተገጥመዋል። የዘንድሮው ምርመራ ቀኔ ቀርቧል፤ ኮፈኑን ራሴ ከፍቼ አሳያለሁ፣ አልነቅላቸውምም። መርማሪው ሊጥለኝ ከፈለገ የመመሪያውን ቁጥር ጠቅሶ፣ ፈርሞ፣ በጽሑፍ ይስጠኝ። እኔም ያንን ወረቀት ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ ከእርስዎ በላይ ላለው መሥሪያ ቤት እወስደዋለሁ። በቃል የሚሰጠኝን መልስ ከእንግዲህ አልቀበልም።

ከማይቀር ሰላምታ ጋር፣
ቦሎውን በየዓመቱ የሚከፍል አንድ ባለመኪና