ማርትሬዛውን ከመግዛትሽ በፊት

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ ሁላችን እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ ሰላም ብላሻለች፤ ብርዱን ተጠንቀቂ ትላለች።

የላክሽልኝን የማርትሬዛ፣ የድሮው የብር ገንዘብ፣ ፎቶ አየሁት። ሻጩ «1780 ተብሎ ተጽፎበታል፣ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው» ብሎሻል። ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህች ቁጥር ነውና እሷን እናስቀድም። 1780 መልኳ ብሩ ላይ ያለው የኦስትሪያ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችበት ዓመት ነው። የቀይ ባሕር ነጋዴ የለመደውን መልክ ካላየ አልቀበልም ስላለ ንግሥቲቱ ከሞተች በኋላም ቪየና ያንኑ መልክና ያንኑ ዓመት እየደገመች ማተሟን ቀጠለች። ኦስትሪያ ራሷ በ1858 ከመገበያያነት ካወጣችው በኋላ እንኳ ማተሙ አልቆመም፤ ዛሬም ይታተማል። በ1935 ሙሶሊኒ አገራችንን ሊወር ሲሰናዳ የማተሙን መብት ከኦስትሪያ ተቀብሎ ሮም ላይ አሳተመ። እሱን ተከትለው ለንደን፣ ፓሪስና ብራሰልስ፣ ኋላም ቦምቤይና በርሚንግሃም አተሙ፤ ሁሉም 1780 እያሉ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኩልሽ።)

ስለዚህ ፎቶው ላይ ያለው ብር የአያት ቅድመ አያት ዘመን ሊሆን ይችላል፣ ያለፈው ዓመትም ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ሐሰተኛ አይደሉም፤ ዋጋቸው ግን አይገናኝም። «የስንት ዓመት ነው?» የሚለውን ጥያቄ ተይውና «የት ታተመ?» በይ። እንደ መስታወት የሚያበራና በሣጥን ያለ ከሆነ የቅርብ ጊዜ የቪየና ሥራ ነው፤ በውስጡ ካለው ንጹሕ ብር ዋጋ ብዙም አትጨምሪበት። ያንን ዋጋ ለማወቅ የዕለቱን የንጹሕ ብር የግራም ዋጋ በ23.39 አባዢው፤ በአንድ ማርትሬዛ ውስጥ ያለው ንጹሕ ብር ያን ያህል ግራም ነው። የቀረው መዳብ ነው።

ማተሚያውን የሚለዩት ጥቃቅን ምልክቶች ናቸው፤ አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ይበቃሻል። የንግሥቲቱን የራስ ጌጥ ዕንቁዎች፣ ትከሻዋ ላይ ያለውን ጌጥና ዙሪያውን ያሉትን ነጠብጣቦች፣ በጀርባው የንስሩን የጅራት ላባዎች ተመልከቺ። የላባው ቁጥርና ቅርጽ፣ የነጠብጣቡ ቁጥር ከማተሚያ ማተሚያ ይለያያል። ከትከሻዋ ሥር ያሉት ሁለት ፊደላት፣ ኤስ እና ኤፍ፣ በጉንዝቡርግ ከተማ ማተሚያ ሹማምንት የነበሩት የሾብልና የፋቢ ስም መነሻዎች ናቸው። የድሮ የአገራችን ገበያተኛ እነዚህን ሁሉ አገላብጦ ሳያይ ብር አይቀበልም ነበር። መንገደኞች ፈረንጆች እንደ አጉል ጥርጣሬ አድርገው አወሩት፤ እኔ ግን ጨዋ ምርመራ ነው እላለሁ። የጠፋ ፊደል ወይ የደበዘዘ ዕንቁ ያለው ብር ወይ ብዙ በእጅ ዞሮ ያለቀ ነው፣ ወይ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ነው።

የፈሰሰውን የሚያጋልጠው ጠርዙ ነው። በእውነተኛው ማርትሬዛ ጠርዝ ላይ «ዩስቲቲያ ኤት ክሌሜንቲያ»፣ ማለትም ፍትሕና ምሕረት፣ በመካከሉ ጌጥ እየገባ ከፍ ብሎ ተጽፏል። አስመሳዩ ቅርጹን በሁለት ክፍል ሠርቶ ብረቱን ሲያፈስበት ክፍሎቹ የሚገናኙት ልክ በጠርዙ ላይ ነው፤ እዚያ ቀጭን መስመር ይቀራል። መስመሩን በሞረድ ሲያጠፋው ፊደሎቹም አብረው ይሄዳሉ። ጠርዙን ወደ ብርሃን አዙረሽ ቀስ እያልሽ አሽከርክሪው፤ የሞረድ ጭረት፣ የፊደል ክፍተት ወይም ዙሪያውን የሚዞር ክር የመሰለ ነገር ካየሽ በቃ። ፊቱ ላይ መርፌ የወጋው የሚመስሉ ጥቃቅን ጉድጓዶች ካሉም የአረፋ ጠባሳ ናቸው።

ከዚያ ሚዛን። ወርቅ ቤት የሚጠቀሙበት ዓይነት፣ 0.01 ግራም የሚያነብ ትንሽ ሚዛን ግዢ። ብሩ 28.07 ግራም፣ ስፋቱ 40 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ውፍረቱ 2.5 ነው። እኛ ዘንድ ወርቅ የሚመዘንበት ወቄት የዚሁ ብር ክብደት ነበር። ግን ክብደት ብቻውን አያሳምንሽ። አስመሳዩ ውፍረት ጨምሮ ክብደቱን ሊያሟላ ይችላል፤ በእጅ ያለቀ ደህና ብር ደግሞ ከ28 በታች ሊወርድ ይችላል። የማይዋሸው የውኃው ሙከራ ነው።

እንዲህ አድርጊ። መጀመሪያ ብሩን በደረቁ መዝኚና ቁጥሩን ጻፊ። ቀጥሎ የፕላስቲክ ኩባያ ውኃ ሚዛኑ ላይ አስቀምጪና ሚዛኑን ወደ ዜሮ መልሺው። ብሩን በቀጭን የስፌት ክር አስረሽ፣ ክሩን በእጅሽ ይዘሽ ወይም ከላይ ከተጋደመ እንጨት ላይ አንጠልጥለሽ፣ ሙሉ በሙሉ እስኪሰምጥ አውርጂው። የኩባያውን ወለልም ግድግዳም እንዳይነካ። ሚዛኑ የሚያሳይሽ ብሩ የገፋውን የውኃ ክብደት ነው። የደረቁን ክብደት ለዚህ አካፍዪ። ለእውነተኛ ማርትሬዛ 28.07 ለ2.75 ሲካፈል 10.2 ይሆናል። መዳብና ኒኬል ቅልቅል ከሆነ ክብደቱ ቢገጥም እንኳ ሚዛኑ 3.15 ገደማ ያሳያል፣ ውጤቱም ወደ 8.9 ይወርዳል። ያለቀ ብር ክብደቱ ቢቀንስም ይህ ቁጥር አይለወጥም፤ ለዚህ ነው የምወደው።

የሚበላሸው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው አረፋ። ከፊደሎቹ ሥር የተጣበቀች የአየር አረፋ ንባቡን ከፍ ታደርገዋለች፣ ደህናውንም ብር ሐሰተኛ ታስመስለዋለች፤ ውኃው ውስጥ አንዲት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጨምሪና ብሩን አንዴ ነቅነቅ አድርጊው። ሁለተኛው ወለል መንካት ነው፤ ያን ጊዜ ቁጥሩ በድንገት ይዘላል፣ ራስሽ ታውቂዋለሽ። ስትጨርሺ በንጹሕ ውኃ አለቅልቀሽ ለስላሳ ጨርቅ ላይ ተጫኚው እንጂ አትጥረጊው። ጆሮ የተበየደለት ብር፣ የአንገት ጌጥ የነበረው ማለቴ ነው፣ በዚህ ሙከራ ትክክል አይመጣም፤ ብየዳው የሌላ ብረት ነውና። ለሰብሳቢ ዋጋውም ዝቅ ይላል፤ የተበሳውም እንዲሁ። ውበት የላቸውም ማለቴ አይደለም።

ድምፁን ለመስማት ብለሽ ድንጋይ ላይ አትጣዪው፤ ጠርዙ ይጎዳል። ጣትሽ ጫፍ ላይ አስቀምጠሽ በእርሳስ ጀርባ መታ ስታደርጊው ረጅም ጥሪ ካለው መልካም ነው። የተሰነጠቀና የተበየደ ግን ድፍን ይላል።

አሁን አደራዬ፦ አታጽጂው። በአመድና በሎሚ መፈተግ፣ በጥርስ ሳሙና ማሸት፣ የብር ማጽጃ ፈሳሽ ውስጥ መንከር፣ ሁሉም አንድ ጥፋት ነው። ጥቁሩ ነገር ብሩ ከአየር ድኝ ጋር ተገናኝቶ የፈጠረው ሽፋን ነው፤ ስትፈቂው ከሥሩ ያለው ብር አብሮ ይነሣል፣ ፊቱ ላይም ፀጉር የመሳሰሉ ጭረቶች ይቀራሉ። ጭረቱን የሚመልስ ባለሙያ የለም። የሚጣበቅ ቅባት ወይም ሙጫ ካለበት ብቻ ንጹሕ አሴቶን በብርጭቆ ዕቃ አድርገሽ ለጥቂት ደቂቃ ንከሪው፤ መስኮት ክፈቺ፣ እሳት አይኑር። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ግን ዘይትና ሽቶ አለበት፣ አይሆንም።

ማስቀመጫውም ብር ያበላሻል። ለስላሳና ሽታ ያለው ፕላስቲክ ፒቪሲ ነው፤ ከጊዜ በኋላ አረንጓዴ የሚያጣብቅ ነገር ይተፋል፣ ብሩንም ይበላል። ጠንከር ያለና ሽታ የሌለው ማይላር የሚባለውን ፕላስቲክ ፈልጊ። በጎማ ላስቲክ አታስሪው፣ በጋዜጣ ወይም በሱፍ አትጠቅልዪው። እርጥበት የምትስበውን የሲሊካ ጄል ከረጢት አብረሽ አስቀምጪ። ስትይዢውም ሁልጊዜ በጠርዙ።

የምኒልክን ብር ብታገኚ ነገሩ ለአንቺ ይቀላል። ከ1887 ዓ.ም. ጀምሮ ፓሪስ የተሠራ ነው፤ ዓመቱ በግዕዝ ቁጥር፣ ለምሳሌ ፲፰፻፹፯ ተብሎ ነው የሚገኘው። አስመሳዮች ፊደላችንን አያውቁም፣ ቅርጹን እንደ ሥዕል ይገለብጣሉ። «ዳግማዊ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት» የሚለውን ቃል በቃል አንብቢ፤ ቅጥያው የጠፋ ፊደል፣ የተጣመመ «ክ» ካየሽ ውጭ አገር ያለ ሻጭ ከሚያየው በላይ አይተሻል። ያ ብር በራሱ ጊዜ ማርትሬዛን ከገበያ ሊያስወጣው አልቻለም፣ ዛሬ ሰብሳቢው ግን ለሱ ነው ብዙ የሚከፍለው። አስቂኝ ነው።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። ብርና ሳንቲም ሰብስቢ፤ የብራና መጽሐፍ፣ የቤተ ክርስቲያን መስቀልና ታቦት ግን ማንም ሰው በምንም ዋጋ ቢያቀርብልሽ እጅሽን አትዘርጊ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ክልክል ነው። ዕቃው በሕጋዊ መንገድ መውጣቱን የሚያሳይ ወረቀት ከሌለ፣ «ከድሮ ጀምሮ ቤታችን ነበረ» የሚለው ቃል ወረቀት አይሆንም።

ለዚህኛው ሻጭ ዛሬውኑ ጻፊለት። ሦስት ፎቶ ጠይቂው፦ ፊቱን፣ ጀርባውንና፣ ብሩን አቁሞ፣ ጠርዙን። ክብደቱንም እስከ ሁለት የነጥብ ቤት ይንገርሽ። ጠርዙን አላሳይም ካለ ተይው።

አባትሽ