እማዬ፣ ነጭ ሽንኩርቱን ከእግርሽ ላይ አንሺልኝ

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ትናንት ስንደዋወል ስለ እግርሽ እንዳልጠይቅሽ ወሬውን ወደ ጎረቤት አዞርሽው አይደል? እህቴ ሁሉንም ነግራኛለች። ጣቶችሽ መሀል ተልጦ ነጭ ሆኗል፣ ያሳክክሻል፣ ማታ ማታ ደግሞ ነጭ ሽንኩርት ወቅጠሽ በጨርቅ አስረሽ ትተኛለሽ። እሷን እንዳትቆጪያት።

የእግር ፈንገስ ነው። ፍልሰታን ሙሉ በዝናብ ቤተ ክርስቲያን ተመላልሰሽ፣ ጫማ አውልቀሽ እርጥብ ላይ ቆመሽ፣ በዚያው በረጠበ ካልሲ ሽፍን ጫማሽን መልሰሽ ስታጠልቂ ፈንገስ ሌላ ምን ይፈልጋል? ሙቀትና እርጥበት ካገኘ አይለቅሽም።

ነጭ ሽንኩርት ፈንገስ አይገድልም አልልሽም። በላቦራቶሪ ሲገድል ታይቷል። ግን ጥሬውን አስረሽ ስታድሪ ቆዳሽንም ያቃጥላል፣ ውሃ እስኪቋጥር ድረስ። ሌላ ሰው ሲያቃጥለው ፈትቶ ይጥለዋል። አንቺ ስኳር አለብሽ። ስኳር ሲቆይ የእግርን ነርቭ ያደነዝዛል፤ እየተቃጠልሽ ላይሰማሽ ይችላል። ስኳር ያለበት ሰው እግር ላይ ትንሿ ቁስል ቶሎ አትሽርም፣ ካመረቀዘች ደግሞ እግር እስከማስቆረጥ ታደርሳለች። ላስፈራራሽ ብዬ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ላስፈራራሽ ብዬ ነው።

እንሶስላሽን አልነካብሽም። ሥሩ ፈንገስን የሚያጠቃ ነገር እንዳለው ተመራማሪዎች ፈትሸው አግኝተዋል፤ እናንተ ለውበት ስትሞቁት እግራችሁንም ስትጠብቁ ኖራችኋል ማለት ነው። ቆዳሽ ደህና ሲሆን እንደልብሽ ሙቂ፣ አሁን በተላጠው ላይ ግን ይቅር። ጎረቤትሽ ያመጣችልሽ እንዶድ ደግሞ ልብስ ይታጠብበት።

ክሎትሪማዞል የሚባል ቅባት ልኬልሻለሁ። ጠዋትና ማታ እግርሽን ታጥበሽ፣ ጣቶችሽን አንድ በአንድ ከፍተሽ ካደረቅሽ በኋላ ስስ አድርገሽ ቀቢው። ማሳከኩ ሲተውሽ እንዳታቆሚ፣ እስከ 4 ሳምንት ቀጥይ። ግን መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሄደሽ እግርሽን አሳዪልኝ፣ በተለይ የቆሰለ ወይም ያበጠ ቦታ ካለ ነገ ዛሬ አትበይ። ሱቅ ውስጥ «ለማንኛውም ቆዳ» እያሉ የሚሸጡትን ቅባት ደግሞ እንዳትገዢ። አንዳንዱ ስቴሮይድ አለበት፤ ማሳከኩን ጸጥ ያደርግልሽና ፈንገሱ ውስጥ ውስጡን ይሰፋል።

የልጁ ቆረቆር ግን ሌላ ነው፣ ለእህቴ ንገሪያት። ፈንገሱ ፀጉሩ ሥር ስለሚገባ በቅባትም በቅጠልም አይድንም፣ ሐኪም የሚዋጥ መድኃኒት ነው የሚያዝለት። ፀጉሩን የሚላጩበትን ምላጭም ከጎረቤት ልጆች ጋር አይዋዋሱ።

ዕቃውን ለአውቶቡሱ ረዳት ሰጥቼዋለሁ፣ ቅዳሜ መናኸሪያ ሰው ላኪ። የጥጥ ካልሲዎችም አሉበት። ለእንግዳ ብለሽ ሳጥን ውስጥ እንዳትቆልፊያቸው፣ ያንቺ ናቸው።